በቺፕ ላይ መጻፍ፦ ቃላቱና ከቃላቱ በስተጀርባ ያለው ሥራ



ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ በኪሳችሁ ወይም በቦርሳችሁ ፍላሽ ይዛችኋል። ስልካችሁ አልነሳ ሲል ጥገና ቤት ወስዳችሁ «ፍላሽ መደረግ አለበት» ተብላችሁ ታውቃላችሁ። የምህንድስና ተማሪዎች ደግሞ «ኮዱን ቺፑ ላይ በርን አድርጌዋለሁ» ስትሉ ትሰማላችሁ። ቃላቱ ከአፍ ወደ አፍ በደንብ ተላምደዋል። ቃሉ ሲነገር ዕቃው ውስጥ ምን እንደሚከናወን ቆም ብሎ የሚያስረዳ ግን ብዙ የለም። ዛሬ ላስረዳ የመጣሁት ይህንን ነው።

ሐሳቤን ገና ከመነሻው ልንገራችሁ። ቺፕ ፕሮግራም ማድረግ መልእክት መላክ አይደለም፤ ቁስን መለወጥ ነው። አንድ ቦታ ላይ ቀጭን የብረት ክር ይበጠሳል፣ ወይም ጥቂት ኤሌክትሮኖች መውጫ የሌለው ስፍራ ገብተው ይታሰራሉ። ስለዚህ በዚህ ሙያ የሚነገረውን ማንኛውንም ቃል ስትሰሙ፣ ምን ተለወጠ? ሊመለስ ይችላል ወይ? እስከ መቼስ ይቆያል? ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን የያዘ ባለሙያ ቁልፉን ከመጫኑ በፊት ምን ሊያጣ እንደሚችል ያውቃል። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉም የቆየው ቃል «ማቃጠል» ነው፤ የተወለደውም በጦር መሣሪያ ሥራ ውስጥ ነው። በ1950ዎቹ የአሜሪካ አየር ኃይል አትላስ የተባለውን አህጉር አቋራጭ ሚሳኤል ያሠራ ነበር። ሚሳኤሉ ላይ የሚጫነው ኮምፒውተር የዒላማውን ቁጥሮች ኃይል ቢቋረጥም የማይረሳ ማከማቻ ያስፈልገው ነበር። ቁጥሮቹ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ጊዜ ተወስነው ከወጡ ግን ዒላማ በተቀየረ ቁጥር አዲስ ዕቃ ማሠራት ግድ ይሆናል። በ1956 ኒው ዮርክ ግዛት፣ ጋርደን ሲቲ ውስጥ በነበረው የአሜሪካን ቦሽ አርማ ኩባንያ የሚሠሩት ዌን ጺንግ ቾው መላ አገኙ። ፋብሪካው ሁሉንም ዕቃ አንድ ዓይነት አድርጎ ያወጣል፤ በረድፍና በዐምድ የተደረደሩ ዳዮዶች ይኖሩታል፤ ተጠቃሚው የማይፈልጋቸውን ዳዮዶች ከመጠን ያለፈ ኤሌክትሪክ ለቆባቸው ያቃጥላቸዋል። የተረፉትና የተቃጠሉት አንድ ላይ ሆነው ቁጥሩን ይጽፋሉ። ዛሬ ፒሮም የምንለው ዕቃ መነሻው ይህ ነው። ማቃጠል የሚለው ቃል ለጌጥ የመጣ እንዳልሆነም ከዚህ ይታያል፤ በእርግጥ የሚቃጠል ነገር ነበረ።

በኋላ በ1970ዎቹ የፒሮም ቺፖች ውስጥ የሚቃጠለው ነገር ፊውዝ ተባለ። ብዙዎቹ ፊውዞች ኒክሮም ከተባለው የማሞቂያ ሽቦ ከሚሠራበት ቅይጥ የተሠሩ እጅግ ቀጫጭን ክሮች ነበሩ። ክሩ ደህና ከሆነ አንድ ዓይነት ቢት፣ ከተበጠሰ ሌላ ዓይነት ቢት ይነበባል። የተበጠሰ ክር አይመለስም ተብሎ ነበር የሚታሰበው። ይሁንና በደንብ ያልተበጠሰ የኒክሮም ክር በሥራ ላይ ቆይቶ ክፍተቱን መልሶ የሚያገናኝበት ጊዜ ነበር። ባለሙያዎች «ተመልሶ ማደግ» ይሉታል። አንድ መሣሪያ ተፈትኖ፣ አልፎ፣ ለወራት ሠርቶ አንድ ቀን ድንገት ሌላ ቁጥር ማንበብ ሲጀምር የሚፈጠረውን ግራ መጋባት አስቡት! አምራቾች ቲታኒየም ተንግስተንን፣ ፕላቲኒየም ሲሊሳይድን፣ ፖሊሲሊከንን ወደመሳሰሉት ሌሎች ቁሶች የሄዱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አምራቹ በቂ ያህል ጊዜና በቂ ያህል ኃይል ስጡ ብሎ በመረጃ ሰነዱ ሲያዝ ችላ የማይባለውም ለዚህ ነው፤ በግማሽ የተቃጠለ ፊውዝ ካልተቃጠለው የከፋ ነው።

የፊውዝ ቺፕ ሌላም ችግር ነበረው። አምራቹ ፊውዙ በትክክል መቃጠሉን ለማወቅ ማቃጠል አለበት፤ ካቃጠለው ግን የሚሸጠው ዕቃ አይኖረውም። ስለዚህ ለሙከራ ብቻ የሚቃጠሉ ትርፍ ረድፎችና ዐምዶች በየቺፑ ጠርዝ ላይ ይጨመሩ ነበር። የቀሩት ግን በገዢው እጅ ነው የሚፈተኑት። ከመቶ ቺፕ ስንቱ በትክክል ይጻፍ ይሆን የሚለው ጥያቄ ራሱን የቻለ የሙያ መለኪያ ሆኖ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ከሁሉም አብልጬ ወደምወደው ዕቃ ልሂድ። በጀርባው ላይ ክብ መስኮት ያለው፣ በመስኮቱ በኩል ሲሊከኑ ቁልጭ ብሎ የሚታይ ቺፕ ያያችሁ ትኖራላችሁ። ኢፒሮም ይባላል፤ የፈጠሩት ሰው ታሪክም መነገር ያለበት ነው። ዶቭ ፍሮማን በ1939 አምስተርዳም ተወለዱ። ወላጆቻቸው በናዚዎች እጅ ጠፉ፤ እሳቸውን የሆላንድ ገበሬዎች ደብቀው አሳደጓቸው። ከጦርነቱ በኋላ እስራኤል አደጉ፣ አሜሪካ ሄደው ተማሩ፣ ኢንቴል ገና ሕፃን ኩባንያ ሳለ ተቀጠሩ። እዚያም 1101 የተባለ የሜሞሪ ቺፕ ለምን እንደሚበላሽ እንዲመረምሩ ተመደቡ። ከማንም ጋር ሳይገናኝ ተንጠልጥሎ የቀረ ጌት የሚባል የትራንዚስተር ክፍል ኤሌክትሪክ ይዞ ስለሚቆይ ነው ብለው ጠረጠሩ። ሌላ ሰው ቢሆን ጉድለቱን አስተካክሎ ያልፍ ነበር። እሳቸው ግን ይህ ጉድለት ሆን ተብሎ ቢሠራ ማከማቻ ይሆናል አሉ። ዳዎን ካንግና ሳይመን ዜ የተባሉ የቤል ላብራቶሪ ተመራማሪዎች በ1967 የተንሳፋፊ ጌትን ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ ፍሮማን በ1971 ሥራ ላይ የሚውል ዕቃ አድርገው አወጡት። የመጀመሪያው ቺፕ 1702 ሲባል የሚይዘውም 2048 ቢት ነበር። ከኢንቴል መሥራቾች አንዱ የሆኑት ጎርደን ሙር የኢፒሮምን ፋይዳ ከማይክሮፕሮሰሰሩ እኩል ያዩት ነበር። ፍሮማን ግን ይህን ካደረጉ በኋላ ኢንቴልን ትተው ጋና፣ ኩማሲ ሄደው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተማሩ። ከጋና ተመልሰውም በ1974 የኢንቴልን የዲዛይን ማዕከል ሃይፋ ላይ አቋቋሙ። የዚህ ቴክኖሎጂ አባት አህጉራችን ላይ ጠመኔ ይዘው ቆመው እንደነበር ተማሪዎቻችን ቢያውቁ ደስ ይለኛል።

ተንሳፋፊ ጌት ምንድን ነው? በትራንዚስተሩ ውስጥ ያለ፣ በሁሉም አቅጣጫ በኦክሳይድ የተከበበ፣ ከየትኛውም ሽቦ ጋር የማይገናኝ ቁራጭ ነው። ዙሪያው በግንብ የታጠረ፣ ግን በር ያልተተወለት ግቢ አድርጋችሁ አስቡት። ኤሌክትሮኖች ወደ ውስጥ ለመግባት ግንቡን መዝለል አለባቸው። ለመዝለል የሚያስፈልጋቸውን ጉልበት የሚሰጠው ከፍተኛው የፕሮግራሚንግ ቮልቴጅ ነው። ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ኃይሉ ቢቋረጥም ለዓመታት አይወጡም። ኤሌክትሮን የታሰረበት ትራንዚስተር ሲነበብ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ቢቱ 0 ነው። ባዶው ያሳልፋል፤ ቢቱ 1 ነው። ስለዚህ አዲስ ወይም የጠፋ ኢፒሮም ስታነቡ ሁሉም ቢት 1 ሆኖ፣ በሄክሳዴሲማል ኤፍኤፍ ብቻ ይታያል። ብላንክ ቼክ የሚባለው ምርመራ ይህን ማየት ነው። መጻፍ ማለት አንዳንዱን 1 ወደ 0 ማውረድ ነው። 0ን ወደ 1 መመለስ በመጻፍ አይቻልም፤ ማጥፋት የሚለው ቃል እዚህ ጋ ይገባል።

ማጥፋት በመስኮቱ በኩል በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚደረግ ነው። የሞገድ ርዝመቱ 253.7 ናኖሜትር የሆነ የሜርኩሪ መብራት ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ሲበራበት ብርሃኑ ለኤሌክትሮኖቹ መውጫ ጉልበት ይሰጣቸዋል። መስኮቱ ከተራ መስታወት ያልተሠራው ተራ መስታወት ይህን ብርሃን ስለማያሳልፍ ነው፤ ኳርትዝ ያሳልፋል። መብራቱ ዓይንና ቆዳ ስለሚጎዳ ሳጥኑን ከፍቶ ማየት አደገኛ ነው። የአምራቾቹ ሰነዶች ቀጥተኛ ፀሐይ በአንድ ሳምንት ገደማ፣ የቢሮ ፍሎረሰንት መብራት ደግሞ በሦስት ዓመት ገደማ ሊያጠፋው እንደሚችል ይናገራሉ። መስኮቱ ላይ ብርሃን የማያሳልፍ ወረቀት የሚለጠፈው ለዚህ ነው። ወረቀቱን ስም ለመጻፊያ ብቻ መስሏችሁ የላጣችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ መልሱት።

በነገራችን ላይ ኦቲፒ የሚባለው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል የሚባለው ቺፕ ብዙ ጊዜ ይኸው ኢፒሮም ነው። ውስጡ ያው ነው፤ ርካሽ እንዲሆን መስኮቱን ትተው በፕላስቲክ ሸፍነውታል። ሊጠፋ የማይችለው ቁሱ እምቢ ብሎ ሳይሆን ብርሃን የሚገባበት ስለሌለው ነው።

ከቮልቴጅ ጋር የተያያዘውን ጉዳይ ግን በችኮላ ማለፍ አልፈልግም፤ ብዙ ቺፕ የሚሞተው እዚያ ነው። 2716 የተባለው ቺፕ ሲጻፍ 25 ቮልት ይፈልጋል። የኢንቴል 2764 ደግሞ 21 ቮልት። 2764ኤ ግን 12.5 ቮልት ነው። አንድ ፊደል ናት ልዩነቱ፤ ፊደሏን ሳያይ 21 ቮልት የሰጠ ሰው ቺፑን ያበላሸዋል። ለዚህ መፍትሔ ተብሎ ዘጠነኛው የአድራሻ እግር ላይ 12 ቮልት ሲደረግ ቺፑ ራሱ የአምራቹንና የዓይነቱን ኮድ እንዲናገር ተደረገ። ለምሳሌ የኢንቴል ኮድ በሄክሳዴሲማል 89 ነው። ፕሮግራመር በሚባለው የመጻፊያ መሣሪያ ላይ ያለው ሶፍትዌር «መለያው አይገጥምም» ብሎ ሲቆም ማስጠንቀቂያውን ዘሎ መቀጠል የሚፈቅድ ቁልፍ አለው፤ ቺፑ ላይ የታተመውን ጽሑፍ በማጉያ መነጽር ሳታነቡ ያንን ቁልፍ አትንኩ።

አንድ ባይት ለመጻፍ 2716 50 ሚሊሰከንድ ይፈልግ ነበር። 2048 ባይት ስለሚይዝ በጠቅላላው 102 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ይኸው አሠራር 32768 ባይት ለሚይዘው 27256 ቢቀጥል 27 ደቂቃ በፈጀ ነበር። ኢንቴል ሌላ ዘዴ አመጣ፦ የ1 ሚሊሰከንድ ምት መስጠት፣ ማንበብ፣ ካልያዘ መድገም፣ ከያዘ በኋላ ለማጠናከሪያ ረዘም ያለ ምት መጨመር። አልጎሪዝም የሚለው ቃል በዚህ ሙያ የሚያመለክተው ይህን የምትና የንባብ ቅደም ተከተል ነው። በዚህ ዘዴ ሲጻፍ የቺፑ መደበኛ 5 ቮልት ወደ 6 ከፍ ይደረጋል፤ ከየምቱ በኋላ ያለው ንባብም በዚያው በ6 ቮልት ነው። ለምን? የንባቡ ቮልቴጅ ከፍ ባለ ቁጥር ትራንዚስተሩ ኤሌክትሪክ ለማሳለፍ ይገፋፋል። ያን ግፊት ተቋቁሞ 0 የሚል ቢት በ5 ቮልት ሲነበብ ጽኑ ይሆናል፤ ከዓመታት በኋላ ጥቂት ኤሌክትሮኖች ቢያመልጡትም ይቆማል። ይህ ንባብ ቬሪፋይ ይባላል፤ ቬሪፋይ ሲባል «ፋይሉና ቺፑ አንድ ናቸው» ማለት ብቻ የሚመስላቸው አሉ። በደንብ የተሠራ ቬሪፋይ ግን ነገ ስለሚሆነውም ይመረምራል።

ቼክሰምም ብዙ ጊዜ ከዚህ ጋር ይምታታል። ቼክሰም ባይቶቹ ሁሉ ተደምረው የሚወጣ ቁጥር ነው። ሁለት ባይቶች ቦታ ቢለዋወጡ ድምሩ ያው ነው፤ ቼክሰሙ ስህተቱን አያይም። ፋይሉ የትኛው እትም እንደሆነ ለመለየት ይጠቅማል፣ የቬሪፋይን ቦታ ግን አይወስድም።

ከዚህ ወደ ፍላሽ እንሻገር። በ1984 የቶሺባው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ ሳን ፍራንሲስኮ በተደረገ ጉባኤ አዲስ ሜሞሪ አቀረቡ። ሾጂ አሪይዙሚ የተባሉ የሥራ ባልደረባቸው ሰፊ ክፍል በአንድ ጊዜ ሲጠፋ የካሜራ ብልጭታ ስላስታወሳቸው ፍላሽ እንበለው አሉ። ስሙ የወጣው እንግዲህ ከመጻፉ ሳይሆን ከማጥፋቱ ነው። ይህን ያወቀ ሰው የፍላሽን ባሕርይ ግማሹን አወቀ። ውስጡ ያው ተንሳፋፊ ጌት ነው፤ ግንቡ ግን ስለሳሳ ኤሌክትሮኖቹ የሚወጡት በብርሃን ሳይሆን ራልፍ ፎውለርና ሎታር ኖርድሃይም በ1928 በገለጹት መንገድ፣ ቀጭኑን ኦክሳይድ በኤሌክትሪክ መስክ ኃይል ሰርገው ነው። መጻፍ አሁንም 1ን ወደ 0 ማውረድ ነው። 1 የሚመለሰው ግን ብሎክ የሚባለው ሰፊ ክፍል በሙሉ ሲጠፋ ብቻ ነው። አንድ ፊደል ለማስተካከል ብሎ ብሎክ ሙሉ ማጥፋት እንዳይኖር ፍላሹን የሚያስተዳድረው ተቆጣጣሪ ቺፕ አዲሱን ጽሑፍ ሌላ ቦታ ጽፎ አሮጌውን «ዋጋ የለውም» ብሎ ምልክት ያደርግበታል።

እያንዳንዱ መጻፍና ማጥፋት ኦክሳይዱን በጥቂቱ ይጎዳዋል። በአንድ ሴል አንድ ቢት ብቻ የሚይዘው ዓይነት 100000 ጊዜ ያህል ሲችል፣ ሦስት ቢት የሚያጭቀው ርካሹ ዓይነት በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ብቻ ነው የሚችለው። ተቆጣጣሪው አንዱ ብሎክ ብቻ እንዳያልቅ ሥራውን በየብሎኩ ያዳርሳል። ከዚህ የሚከተል ነገር አለ። ከፍላሻችሁ ላይ ፋይል ስትሰርዙ ይዘቱ ወዲያው አይጠፋም፤ ስሙ ከመዝገቡ ይፋቃል እንጂ ኤሌክትሮኖቹ ባሉበት ይቆያሉ። መሰረዝና ማጥፋት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የቤተሰብ ሰነድ የነበረበትን ፍላሽ ለሌላ ሰው አሳልፎ የሚሰጥ ሁሉ ይህን ማወቅ አለበት።

ስልክ ፍላሽ በሚደረግበት ጊዜ መብራት ሲጠፋ ለምን ስልኩ እንደሚሞትም አሁን ይገባችኋል። አሮጌው ብሎክ ጠፍቷል፣ አዲሱ ገና አልተጻፈም። መጀመሪያ የሚነሳው ቡትሎደር የሚባለው ክፍል ካልተነካ ስልኩን እንደገና ማንሳት ይቻላል፤ እሱ ራሱ በመሃል ከተቋረጠ ግን ሥራው ይከብዳል። ጥሩ ጠጋኞች ባትሪው በደንብ መሙላቱን ሳያዩ የማይጀምሩት በትክክለኛ ምክንያት ነው።

እስካሁን ስለ ሜሞሪ ነበር። በሎጂክ ቺፖች ዘንድ ያው ቃላት ሌላ ፊት አላቸው። በ1978 ሞኖሊቲክ ሜሞሪስ የተባለው ኩባንያ ፓል የተሰኘውን ቺፕ አወጣ፤ ከፈጠሩት አንዱ ጆን በርክነር ነበሩ። ፓል ቁጥር አያስታውስም፤ ፊውዞቹ የሚወስኑት የትኛው ግብዓት ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ ነው። ስለዚህ የሚጻፍለት ፋይል ጄዴክ ፋይል ነው፤ ይዘቱም የፊውዝ ካርታ ነው። በዚህ ካርታ 0 ማለት ፊውዙ ደህና ነው፣ 1 ማለት ተቃጥሏል። ከኢፒሮም በመጣ ልማድ 1ን «ያልተነካ» ብሎ የሚያነብ ሰው ካርታውን ገልብጦ ይረዳዋል። ላቲስ በ1985 ገደማ ጋል የተባለውን አመጣ፤ በኤሌክትሪክ የሚጠፋ፣ ደግሞ የሚጻፍ፣ ፊውዝ የሚባል ክር ጨርሶ የሌለበት ነው። ካርታው ግን ዛሬም የፊውዝ ካርታ ይባላል።

ፊውዝ የሚለው ይህ ስም ብዙ ተማሪ ላይ ችግር ያመጣል። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ላብራቶሪ የተለመደው አርዱይኖ ኡኖ የሚሠራበት አትሜጋ 328ፒ የተባለው ቺፕ ፊውዝ ቢት የሚባሉ አሉት፤ የተሠሩትም ከማይቃጠል፣ በተደጋጋሚ ከሚጻፍ ሴል ነው። እዚህ ደግሞ 0 ማለት «ተጽፏል፣ ሥራ ላይ ነው» ማለት ነው። የሰዓት ምንጭ የሚመርጠውን ፊውዝ ቢት ተሳስቶ «ከውጭ ይመጣል» ያሰኘ ተማሪ ቺፑ መልስ መስጠት ሲያቆም አቃጠልኩት ብሎ ይጥለዋል። አልተቃጠለም። የሰዓት ምልክት ከውጭ ቢሰጠው ይነሳል። ሪሴት እግሩን ዘግቶም ከሆነ 12 ቮልት በዚያው እግር በመስጠት በሚሠራው የከፍተኛ ቮልቴጅ አጻጻፍ ይመለሳል። የቃሉን ታሪክ እንጂ የቁሱን ሁኔታ ያልጠየቀ ሰው ደህና ቺፕ ይጥላል።

በአንጻሩ በእውነት የሚቃጠል ፊውዝ ዛሬ በስልኮቻችን ውስጥ አለ። ሳምሰንግ ኖክስ በሚለው ሥርዓቱ ያልተፈቀደ ሶፍትዌር ሲጫን አንድ ትንሽ ፊውዝ ይቃጠላል፤ ምልክቱ ከ0 ወደ 1 ይለወጣል፣ ከዚያ በምንም ሶፍትዌር አይመለስም። ስለዚህ ከላይ የጠየቅነው «ሊመለስ ይችላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በስሙ ብቻ አይመለስም፤ የዚያን ቺፕ ሰነድ መክፈት ያስፈልጋል።

ኤፍፒጂኤ የሚባለውን ሌላ የሎጂክ ቺፕ በአጭሩ ልለፈው። ዛይሊንክስ በ1985 ያወጣው ኤክስሲ2064፣ 64 የሎጂክ ክፍሎች ያሉት ቺፕ፣ ቅርጹን የሚይዘው ኃይል ሲጠፋ በሚረሳ ሜሞሪ ነበር። በተነሳ ቁጥር ቢትስትሪም የሚባለውን ፋይል ከሌላ ቺፕ ያነባል። ስለዚህ ለእሱ የሚባለው መጻፍ ሳይሆን ማዋቀር ነው፤ የሚቃጠልም የሚታሰርም ነገር የለውም።

የደኅንነት ቢት የሚባለው ደግሞ ሲጻፍ ቺፑ እንዳይነበብ ይዘጋል። አምራቾች ሥራቸው እንዳይገለበጥ ይጠቀሙበታል፤ መብታቸው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ኩባንያው ከጠፋ በኋላ የሚሆነው ነው። ማሽኑ ይሠራል፣ ቺፑ ሲያረጅ ግን ምትክ የሚጽፍለት የለም።

በተለይ ፋብሪካና ሆስፒታል፣ ሬዲዮ ጣቢያና ማተሚያ ቤት ለምትሠሩ የማቀርበው ጥያቄም ከዚህ የመነጨ ነው። ከ1980ዎቹ የመጡ ማሽኖች ባለመስኮት ቺፕ ይዘው ዛሬም ይሠራሉ። ኤሌክትሮኖቹ ግን በዝግታ ያመልጣሉ። ቺፕ ማንበብ አይጎዳውም፤ ስለዚህ ማሽኑ ገና ደህና ሳለ በቺፖቹ ውስጥ ያለውን አንብባችሁ ፋይሉን አስቀምጡ። ማሽኑን ከኃይል ነጥሉ፣ ቺፑ በየት በኩል እንደተቀመጠ ፎቶ አንሱ፣ በሰውነታችሁ ላይ ያለውን ኤሌክትሪክ በመሬት ሽቦ አስወግዱ። ሁለት ጊዜ አንብቡና ፋይሎቹን ባይት በባይት አስተያዩ። ከተለያዩ የቺፑን እግሮች አጽዱና ድገሙ። አሁንም አንዳንድ 0ዎች አንዴ 1 አንዴ 0 እየሆኑ ከተነበቡ ኤሌክትሮኖቹ እየሳሱ ነውና ፕሮግራመሩ የሚፈቅድ ከሆነ የንባቡን ቮልቴጅ ከ5 ወደ 4.5 ዝቅ አድርጉት። የደከመው ቢት የሚገፋው ሲቀንስለት 0 መሆኑን መልሶ ያሳያል። ያን ጊዜ ያገኛችሁትን ፋይል ከአንድ በላይ ቦታ አስቀምጡ፤ ከፋይሉ ጋር የማሽኑን ስም፣ ቺፑ ላይ የታተመውን ሙሉ ቁጥር፣ የተቀመጠበትን ሶኬትና ቼክሰሙን ጻፉ።